የልጅ የዐይን ቆብ ሲወድቅ፤ ከቀይ ብርሃኑ በፊት የልብ ምርመራ

ልጅዎ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ ዐይኖቹ ደህና ይገለጣሉ፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ግን ቆቦቹ ዝቅ ብለው የብሌኑን ግማሽ ይሸፍናሉ እንበል። መምህሩ «ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል» የሚል መልእክት ልከዋል። ጎረቤት እንቅልፍ አልጠገበም ይላል፤ አያት ደግሞ የሰው ዐይን ነው ይላሉ። እርስዎ ሌላም ነገር አስተውለዋል። ልጁ ቴሌቪዥን የሚያየው አገጩን ወደ ላይ ቀና፣ ግንባሩን ሸብሸብ አድርጎ ነው። ከጎን ሲጠሩት ዐይኑን ሳይሆን አንገቱን ያዞራል።

ውድ አንባቢያን፣ የዐይን ቆብ መውደቅ ምክንያቱ ብዙ ነው። በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ብዙም የማይወራለትን አንዱን፣ ማለትም የሕዋስ ኃይል ማመንጫ የሆነው የማይቶኮንድሪያ ሕመም በልጆች ላይ የሚያስከትለውን ነው። አሁን ማንሣታችንም ያለ ምክንያት አይደለም። ቀይ ብርሃን የሚያወጡ ጭምብሎች፣ መነጽሮችና የእጅ መብራቶች ለቆዳ ውበት፣ ለፀጉር፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም እየተባሉ በኢንተርኔት ገበያ ይሸጣሉ። ማስታወቂያቸውም ብዙ ጊዜ ብርሃኑ የደከመ ማይቶኮንድሪያን እንደሚያነቃቃ ይናገራል። ማይቶኮንድሪያው የታመመበት ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ሰምቶ ቢጓጓ አይፈረድበትም። ውጭ አገር ያለ ዘመድም ዕቃውን ገዝቶ ልላክ ሊል ይችላል። ነገሩ ሳይንሳዊ መነሻ የሌለው ወሬ አይደለም። ይሁን እንጂ ከመብራቱ የሚቀድም፣ የልጁን ሕይወት የሚመለከት ጉዳይ ስላለ በቅደም ተከተል ብናየው ይሻላል።

የላይኛውን የዐይን ቆብ የሚያነሣው ከዐይን ኳስ በላይ የተዘረጋ ስስ ጡንቻ ነው። ትእዛዙን የሚቀበለው ከአንጎል ከሚወጣው ሦስተኛው ነርቭ ነው። የክንድ ጡንቻ ሸክሙን ሲያወርድ ያርፋል፤ ይህኛው ግን ነቅተን እስካለን ድረስ ቆቡን ተሸክሞ ይውላል። ዐይንን ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞሩት ጡንቻዎችም ዕረፍታቸው ትንሽ ነው። በመሆኑም ብዙ ኃይል ይፈልጋሉ፤ በማይቶኮንድሪያም የታጨቁ ናቸው። የኃይል እጥረት ሲመጣ ቀድመው ከሚያሳብቁ ቦታዎች አንዱ ዐይን የሚሆነው ለዚህ ነው። የመብራት ኃይል ሲወርድ አምፖሉ እየበራ ምጣዱ አልሞቅ እንደሚለው ማለት ነው።

ማይቶኮንድሪያ በሕዋሶቻችን ውስጥ የሚገኙ ጥቃቅን አካላት ሲሆኑ፣ ከምንበላው ምግብና ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ሰውነት የሚሠራበትን ኃይል ያመርታሉ። የራሳቸው የሆነ አነስተኛ ዘረ መልም አላቸው። ሙሉ ቅደም ተከተሉ እ.ኤ.አ በ1981 የታወቀው ይህ ዘረ መል የያዘው 37 ጂኖችን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ በ1988 ደግሞ ለንደን የሚሠሩ ተመራማሪዎች የጡንቻ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከዚህ ዘረ መል ትልቅ ቁራጭ ተገምሶ እንደሚጎድል አሳዩ። ለአንድ የሕመም ወገን መልክ የሰጠው ይህ ግኝት ነው።

አንድ ሕዋስ የዚህ ዘረ መል በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ቅጂዎች አሉት። ጤነኛውና ጎዶሎው ተቀላቅለው ይኖራሉ። ስንዴ ውስጥ እንደገባ እንክርዳድ ይቁጠሩት። ጥቂት ከሆነ ዳቦው ምንም አይል፤ ሲበዛ ግን የበላውን ሰው ያዞራል። ከአንድ ጎተራ የተሰፈሩ ሁለት ቁናዎችም እኩል እንክርዳድ ላይኖራቸው ይችላል። አንድ ዓይነት ጉድለት ካለባቸው ሁለት ልጆች አንዱ በዐይን ቆብ ብቻ ሲቸገር፣ የሌላው ልብና ጆሮ አብሮ የሚታመመው በዚሁ ምክንያት ነው። የማይቶኮንድሪያ ሕመሞች በጠቅላላው ሲደመሩ ከ5 ሺህ ሰዎች አንዱን ገደማ እንደሚያጠቁ ይገመታል። እያንዳንዱ ለየብቻው ግን ብርቅ ስለሆነ ብዙ ሐኪም በሥራ ዘመኑ የሚያየው ጥቂቱን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። የማይቶኮንድሪያ ዘረ መል ለልጅ የሚተላለፈው በእናት በኩል ነው። ይህ ሲነገር በቤት ውስጥ «ያንቺ ወገን ነው» የሚል ወቀሳ ይከተላል። ልጅን ከማከም ይልቅ ዘር ቆጠራ ይጀመራል። እውነታው ሌላ ነው። አሁን የምንገልጸው፣ ትልቅ ቁራጭ የሚጎድልበት ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከእናት የተወረሰ አይደለም፤ በልጁ ላይ በአዲስ መልክ የተከሰተ ነው። ሌሎቹ የማይቶኮንድሪያ ሕመሞች ደግሞ ከፊሎቹ በእናት በኩል፣ ከፊሎቹም ከሁለቱም ወላጆች በሚመጡ ጂኖች የሚተላለፉ ናቸው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ምርመራ እንጂ የቤተሰብ ክርክር አይደለም። ለሚቀጥለው እርግዝና የሚሰጠው ምክርም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው።

እ.ኤ.አ በ1958 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የነበሩ ቶማስ ኪርንስና ጆርጅ ሴይር የተባሉ ሐኪሞች ሦስት ነገሮች በአንድ ሰው ላይ ተያይዘው እንደሚገኙ ጻፉ። ዐይን ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ ቆቡም ይወድቃል። ከዐይን በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ማለትም ሬቲና፣ ቀለሙ ተበላሽቶ ይታያል። ሦስተኛው ደግሞ ልብ ነው። ዛሬ በሁለቱ ሐኪሞች ስም ኪርንስ-ሴይር እየተባለ የሚጠራው ይህ ሕመም ከ20 ዓመት ዕድሜ በፊት የሚጀምር ነው።

ልብ በየምቱ ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚወርድ የኤሌክትሪክ መልእክት አለው። በኪርንስ-ሴይር ይህ መልእክት መዘግየት፣ አልፎም ሙሉ በሙሉ መቋረጥ ይችላል። ሲቋረጥ ልጁ ራሱን ይስታል፤ ሕይወቱም በድንገት ሊያልፍ ይችላል። አስቸጋሪው ነገር ልጁ ምንም ሳይሰማው ሊቆይ መቻሉ ነው። ቤተሰብ ስለ ዐይኑ ሲጨነቅ ልቡ በዝምታ እየታወከ ሊሆን ይችላል። ይህን ማወቅ የሚቻለው ግን ውድ በሆነ ምርመራ አይደለም። ኢሲጂ የሚባለው የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ደረትና እጅ እግር ላይ ሽቦ ተለጥፎ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልቅ፣ ደም የማይወሰድበትና የማያምም ነው። ችግሩ በጊዜው ከተደረሰበት ፔስሜከር የተባለው የልብ ምት አስተካካይ መሣሪያ ይገጠማል፤ ልጁን ከድንገተኛ ሞት ሊታደገው ይችላል። የዘረ መል ምርመራው ውጤት ወራት ሊወስድ፣ ገንዘብም ሊጠይቅ ይችላል። ኢሲጂው እሱን መጠበቅ የለበትም። ቆቡ እየወደቀ ዐይኑም መዞር እያቃተው ላለ ልጅ ማንም ሐኪም ቢሆን በዚያው ቀን ሊያዘው የሚችል ነገር ነው። ካላዘዘ እርስዎ ይጠይቁ።

ወደ ብርሃኑ እንመለስ። ማታ የስልክዎን መብራት አብርተው በመዳፍዎ ቢሸፍኑት ጣቶችዎ ቀይ ሆነው ያበራሉ። አምፖሉ የሚረጨው ነጭ ብርሃን ነው፤ ከሥጋችን አልፎ የሚወጣው ግን በአብዛኛው ቀዩ ብቻ ነው። ቀይና ከቀይ ቀጥሎ ያለው፣ በዐይን የማይታየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ወደ ሰውነት ጠለቅ ብሎ መግባት ይችላል። በሕክምናው የሚጠኑት ብርሃኖች የሞገድ ርዝመታቸው በአብዛኛው ከ600 እስከ 1 ሺህ ናኖሜትር ባለው ክልል ውስጥ ነው። ነገሩ የጀመረው በ1960ዎቹ ሀንጋሪ ውስጥ ነው። አንድሬ ሜስተር የተባሉ ሐኪም በተላጨ የአይጥ ቆዳ ላይ ደካማ ሌዘር ሲያሳርፉ ፀጉሩ ቶሎ ሲበቅል አዩ። ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ብርሃኑን የሚቀበለው በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ያለ፣ ኦክስጅንን ለኃይል ማምረቻ የሚጠቀም ፕሮቲን ሳይሆን አይቀርም አሉ። ሐሳቡ ሰፊ ተቀባይነት ቢኖረውም በትክክል እንዴት እንደሚሠራ ክርክሩ አላበቃም።

እ.ኤ.አ በ2020 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ግሌን ጄፈሪና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ከ28 እስከ 72 የሆኑ 24 ጤነኛ ሰዎች 670 ናኖሜትር ቀይ ብርሃን በቀን ለ3 ደቂቃ ያህል፣ ለሁለት ሳምንት እንዲያዩ አደረጉ። ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ቀለም የመለየት ችሎታ መሻሻል አሳየ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ በኅዳር 2024 በዕድሜ ምክንያት ሬቲናቸው ለሚዳከም አዋቂዎች፣ በሐኪም ክፍል ውስጥ ብቻ የሚሰጥ የብርሃን መሣሪያ ፈቀደ። እነዚህ ሁለቱ ቀላል ነገሮች አይደሉም። ብርሃን በዐይን ላይ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ያሳያሉ። ነገር ግን ሁለቱም የአዋቂዎች ናቸው፤ ሁለቱም የሚመለከቱት ሬቲናን እንጂ ቆብ አንሺውን ጡንቻ አይደለም፤ በሁለቱም የዘረ መል ቁራጭ የጎደለበት ልጅ የለም።

ታዲያ ለልጆቹ ቆብ ለምን ይታሰባል? የቆቡ ቆዳ ከሰውነት ሁሉ ስስ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ጡንቻውም ከላይ ቅርብ ነው። ወደ ልብ ወይም ወደ አንጎል ለማድረስ የሚያስቸግር ብርሃን እዚህ በቀላሉ ሊደርስ ይችላል። ለሙከራ የሚመች ቦታ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም ብርሃን የጎደለውን ጂን መልሶ አይተክልም። ሊያደርግ ይችላል የሚባለው፣ የቀሩት ጤነኛ ቅጂዎች የሚያመርቱትን ኃይል ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። ጡንቻው ራሱ ከስቶ በስብና በጠባሳ ከተተካ ደግሞ የሚነቃቃ ነገርም ላይኖር ነው። በእኛ ግምት፣ አንድ ቀን ጥቅሙ ቢረጋገጥ እንኳ ይበልጥ የሚጠቀሙት ገና በጅምር ላይ ያሉት ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም።

መለካቱም ቀላል አይደለም። ቆቡ ጠዋት ከፍ ማታ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ መብራቱ ሳይነካው ከፍ ያለበትን ሰዓት መርጦ «ተሻለው» ማለት ይቻላል። ጤነኛ ቆብ ከብሌኑ መሐል ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ሐኪሞች የአንድና የሁለት ሚሊሜትር ለውጥ ነው የሚፈልጉት። ወላጅ ደግሞ ለውጥ ለማየት ይጓጓል። ስለዚህ ጥናቱ እውነተኛውን ብርሃን ከሚመስል ግን ሥራ ከማይሠራ ብርሃን ጋር ማነጻጸር፣ በተመሳሳይ ሰዓት መለካት፣ የሚለካው ሰው የትኛው ልጅ የትኛውን እንዳገኘ እንዳያውቅ ማድረግ ይኖርበታል። እስከዚያ ድረስ የብርሃን ሕክምና ለነዚህ ልጆች ቆብ የተረጋገጠ ሕክምና አይደለም።

«ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚለው አነጋገር እዚህ አይሠራም። በቻይና የልጆች የቅርብ ብቻ ማየት ችግር እንዳይባባስ ተብሎ ዐይን ውስጥ ቀይ ብርሃን የሚያበራ መሣሪያ በብዛት ሲሠራበት ቆይቷል። እ.ኤ.አ በ2023 አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ለአምስት ወራት ከተጠቀመች በኋላ የሁለቱም ዐይኖቿ እይታ እንደቀነሰ፣ የሬቲናዋም መሐል እንደተጎዳ በሕክምና መጽሔት ወጣ። መሣሪያውን ስታቆም የተሻለው በከፊል ነው። ያ መሣሪያ ሌዘር ነው፤ ፊት ላይ ከሚደረግ ጭምብል ጋር አንድ አይደለም። ቢሆንም የኪርንስ-ሴይር ልጅ ሬቲናው ቀድሞውኑ የተጎዳ ሊሆን እንደሚችል ቀደም ብለን አይተናል። ዐይኑን ቢጨፍንም ቆቡ ቀይ ብርሃንን ሙሉ በሙሉ አያግድም፤ የመዳፉ ሙከራ ይህንኑ ነው የሚያሳየው። ሬቲና ሲጎዳ አያምምም፤ ልጁ «አመመኝ» ብሎ አያስጠነቅቅዎትም።

ብርሃን እንደ መድኃኒት መጠን አለው። በቤተ ሙከራ እንደታየው ትንሹ የሚያነቃቃውን ሕዋስ ብዙው ያዳክመዋል። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ከብርሃኑ የተወሰነውን ራሱ ስለሚውጥ፣ ለነጭ ቆዳ የተቀመረ መጠን ለእኛ ልጆች እንዳለ ላይሠራ ይችላል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ደቂቃ የልጅዎን ቆዳም ሬቲናም አያውቅም። ለወገብ ሕመም የሚሸጠውን የሙቀት አምፖል ወይም የሌዘር መጠቆሚያን ወደ ልጅ ዐይን ማስጠጋትማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው።

አንዳንዴ መብራቱ የሚያደርሰው ትልቁ ጉዳት ጊዜ ማባከን ነው። የልጅ ቆብ መውደቅ ሌላ፣ መድኃኒት ያለው ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው ሕመም ቀን ውሎ የሚደክም ቆብን በማስከተል የማይቶኮንድሪያውን ሕመም በጣም ይመስላል። እሱ ግን የነርቭና የጡንቻ መገናኛ ላይ ያለ ችግር ነው፤ በመድኃኒት ይሻላል። ሐኪሞች በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ለሁለት ደቂቃ ያህል በተዘጋው ቆብ ላይ በማድረግ ከፍ ማለት አለማለቱን የሚያዩበት ቀላል ፍተሻም አለ። አብሮ የተወለደ የቆብ መውደቅ ብሌኑን ከሸፈነ፣ አንጎል በዚያ ዐይን ማየትን ሳይማር ስለሚቀር በሕፃንነት መታየት አለበት። በአገራችን ትራኮማ በሚበዛባቸው አካባቢዎች ደግሞ የቆቡ ውስጠኛ ክፍል ወፍሮና ከብዶ ሊወድቅ ይችላል። ቆቡ በድንገት ከወደቀ፣ የአንደኛው ዐይን ብሌን ከሌላው ከተለየ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የመዋጥና የመተንፈስ ችግር ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ማይቶኮንድሪያ መሆኑ ለታወቀ ልጅ ዛሬም የሚደረግ ነገር አለ። ቆቡን የሚደግፍ ስስ ሽቦ ያለው መነጽር በዐይን ሐኪም ትእዛዝ ሊሠራ ይችላል። መልኩ ደስ አይልም የሚሉ አሉ፤ ልጁ ሰሌዳውን ካየበት ግን የቀረው ትንሽ ነገር ነው። ቀዶ ሕክምናም አለ፤ ቆቡ ከግንባር ጡንቻ ጋር በሲሊከን ክር ይያያዝና ልጁ ቅንድቡን ሲያነሣ አብሮ ይነሣል። ጥንቃቄ የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው። ጤነኛ ሰው ሲተኛ የዐይኑ ኳስ ወደ ላይ ተንሸራቶ ብሌኑ ይሸሸጋል። የነዚህ ልጆች ዐይን ግን ስለማይዞር፣ ቆቡ ከመጠን በላይ ከተነሣ ሌሊት ግማሽ ተከፍቶ ያድራል፤ የዐይኑ መስታወት ይደርቃል፣ ይቆስላልም። ስለዚህ ጥሩ ቀዳጅ ሐኪም ብሌኑን እስኪገልጥ ብቻ በጥቂቱ ያነሣዋል። «ለምን እንደ ሌላው ልጅ አልሆነም» ብለው እንዳያዝኑ አስቀድመው ይወቁት። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያም ስለ ማይቶኮንድሪያውና ስለ ልቡ መስማት አለበት።

በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ በክልል ደግሞ የጎንደርና የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የዐይን ሕክምና ክፍል ካላቸው መካከል ናቸው። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈው ሲሄዱ ሬቲናው እንዲታይ፣ ለልብና ለነርቭ ሐኪምም እንዲላክ ይጠይቁ። የመስማት ችሎታውና የደም ስኳሩም በዚሁ ይታያል።

ውጭ አገር የሚኖሩ ወይም ለሕክምና የሄዱ ቤተሰቦች ልጃቸውን በብርሃን ጥናት እንዲያስገቡ ሊጠየቁ ይችላሉ። መግባት ስህተት አይደለም፤ ዕውቀቱ የሚገኘው እንደዚህ ነው። ጥናቱ በሥነ ምግባር ኮሚቴ መጽደቁን፣ ሬቲናው ከመጀመሩ በፊትና በየመሐሉ የሚታይ መሆኑን፣ ጉዳት ቢመጣ ኃላፊው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ለመሳተፍ ገንዘብ ክፈሉ ከተባሉ ይጠንቀቁ።

ለቀጠሮው ሲዘጋጁ የልጁን የቀድሞ ፎቶዎች፣ የክርስትናውን ወይም የልደቱን፣ ይዘው ይሂዱ፤ ቆቡ መቼ መውረድ እንደጀመረ ከቃል ይልቅ ፎቶ ይናገራል። ከዚያ በፊት ባለው አንድ ሳምንት ጠዋት እንደተነሣና ማታ ከመተኛቱ በፊት፣ በአንድ ቦታና በአንድ ርቀት፣ ቀጥ ብሎ እያየ በስልክዎ ያንሡት። የኢሲጂውን ወረቀት ቅጂ ቤት ያስቀምጡ። የመጀመሪያው ውጤት ደህና ቢሆንም የልቡ ችግር በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ይደገማል። በመሐሉ ልጁ ራሱን ከሳተ፣ ደጋግሞ ካዞረው ወይም ሲሮጥ በድንገት ከወደቀ የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ አይጠብቁ።